ቲሬክስ በርቢ

አማን ከተማ ውስጥ ስለ እንቁላል የሚጨነቅ ሰው ሞልቷል። ዋጋው ወጣ ብሎ የሚጨነቅ አለ፣ ዋጋው ወረደ ብሎ የሚጨነቅ አለ፣ ሸለምጥማጥ ገባ ብሎ እኩለ ሌሊት ባትሪ ይዞ የሚወጣ አለ። የቲሬክስ እንቁላል ቀነሰ ብሎ እራቱን የሚተው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ቤት የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ ክፉ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ጫት አይቅምም፣ አይጠጣም፣ ሴት አያሳድድም። የሚያሳድደው ዳይኖሰር ነው። ጅማ የሚማር ጓደኛው በሃርድ ዲስክ ያመጣለት ጌም አለ፤ አርክ ይባላል። ስቱዲዮ ዋይልድካርድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 ሳያልቅ ለገበያ አውጥቶት፣ በ2017 «አሁን አልቋል» ብሎ ያስመረቀው ነው። (ሳያልቅ ማስመረቅን ለምደነዋል፤ ሳያልቅ ሸጦ ኋላ ተመልሶ የሚጨርስ ነው ለእኛ ብርቅ።) ከዚህ ወዲህ የምጠራቸው ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው፤ ዳይኖሰሮቹ የኛን አቆጣጠር አያውቁም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከሙታንታ በቀር ምንም ሳይለብስ ደሴት ዳርቻ ላይ ይነቃል። ማን እንዳመጣው አያውቅም። ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይበርደዋል። ዛፍ በቡጢ እየመታ እንጨት ያወጣል፣ ድንጋይ ይለቅማል፣ ጎጆ ይቀልሳል፤ ነፍሱ መለስ ስትል ደግሞ በዙሪያው የሚንጎራደዱትን ዳይኖሰሮች ማላመድ ይጀምራል። ማላመዱ ራሱ ጉድ ነው። ትንንሾቹን፣ ዶዶ የምትባለዋን ወፍራም ወፍ ለምሳሌ፣ በቡጢ እየጠለዙ ራሷን ያስቷታል። ትልልቆቹን ማደንዘዣ በተቀባ ቀስት ይወጓቸዋል። አውሬው ሲዘረር አጠገቡ ተቀምጦ ማጉረስ ነው፤ ሲነቃ ያጎረሰውን እንጂ የመታውን አያስታውስም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል ነበር፤ የዛሬ ልጆች ግን አስቀድመው ይጥሏትና ማታለሉን ኋላ ይደርሱበታል።

ይህን ሁሉ ዝም ብዬ አይ ነበር። ነገሩ ወግ የሆነው የጎረቤታችን የእማማ እጅ ሲገባበት ነው። እማማ በሰፈራችን በዶሮ እርባታ የሚስተካከላቸው የለም። ግቢያቸው ቡና፣ እንሰት፣ ኮረሪማና ዶሮ ነው፤ የዝናቡ ወራት ሲመጣ፣ እኛ ጋ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው፣ ጭቃም ይጨመርበታል። አንድ ቀን ጨሞ ይዘውልን መጡ። ጨሞን ለማያውቅ፣ ከቡና ቅጠል በሚጥሚጣ፣ በዝንጅብልና በሌላ ቅመም የሚፈላ ነው። ፍሬውን ለሰው ሰጥተን ቅጠሉን እኛ የምንጠጣበትን ምክንያት እማማ ኋላ ላይ ስለሚናገሩት እዚህ አልቀድማቸውም።

ላፕቶፑ ላይ ቲሬክሷ አፏን ከፍታ ቆማለች። እማማ ጠጋ ብለው አዩዋት።

«ይቺን ዶሮ ላባዋን ማን ነጫት?»

«ዶሮ አይደለችም እማማ፤ ዳይኖሰር ናት። ከጠፋች ስድሳ ስድስት ሚሊዮን ዓመቷ ነው።»

«እግሯን እየው እንጂ።»

ልጁ እግሯን አየ። እኔም አየሁ። ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ ጥፍሩ ወደ ታች፣ አካሄዷም ጭራ ልትለቅም የወጣች ዶሮ አካሄድ። ሳይንስ ወፎች ከሁለት እግረኛ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ወገን እንደመጡ ለማሳመን ብዙ ቀለም ፈጅቷል። በ2008 የወጣ አንድ ጥናትማ ከቲሬክስ አጥንት የተገኘ ፕሮቲን መርምሮ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ይበልጥ የሚቀርበው የዶሮና የሰጎን ሆኖ አገኘው። እማማ ላብራቶሪ አልገቡም፤ እግር አይተው ዘመዷን አወቁ።

ልጁ አማካሪ እንዳገኘ የገባው ያን ጊዜ ነው። ችግሩን ዘረዘረ። ሴት ቲሬክሶች አሉት፣ ይመግባቸዋል፣ አጥር አጥሮላቸዋል፤ ነገር ግን የሚጥሉት እንቁላል ሥራውን አያደርስም። እማማ ሐኪም በሽተኛ እንደሚጠይቅ እየጠየቁ ሄዱ። አውራ አላቸው ወይ? ልጁ አንድ ወንድ አጠገባቸው ማቆሙን ተናገረ፤ ጌሙ ውስጥ ወንድና ሴት አንድ ላይ ሲቆሙ ሁለቱም ይበረታሉ፣ እንቁላሉም ይፈጥናል ብሎ ያምናል። እማማ ሳቁ። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው፤ እንቁላል ብቻ ለሚፈልግ ሰው አውራ ማለት ጥሬ የሚጨርስ ሰዓት ነጋሪ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ዶሮ አውራ አይታ ሳታውቅም ትጥላለች። ለንግድ እንቁላል የሚያመርቱት ትልልቆቹ እርባታዎች ግቢ ውስጥ የአውራ ጩኸት አይሰማም።

«ሌላስ ምን ይላሉ?»

«ሰው አጠገባቸው ከሌለ አይጥሉም እማማ። እኔ ራቅ ካልኩ ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ።»

እዚህ ላይ እማማ ትንሽ ዝም አሉ። የእሳቸው ዶሮዎች ተቃራኒ ናቸው፤ ሰው ካየ አትጥልም። ቡናው ሥር፣ ማገዶው ኋላ፣ ጎረቤት ቤት አልጋ ሥር ገብታ ነው የምትጥል፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ታስካካለች። ለብቻዋ ጥላ ለሁሉም መንገሯ እስከ ዛሬ ያልተፈታ የዶሮ ምስጢር ነው።

ከዚያ የኦቪራፕተር ነገር ተነሣ። ይህች ቁመቷ መጠነኛ የሆነች፣ ምንቃር ያላት ዳይኖሰር ናት፤ ተላምዳ ከብቶቹ መሀል ስትለቀቅ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ይጥላሉ። እሷ ራሷ የምትሠራው ነገር የለም። እንዲያውም ካሰሯት አትጠቅምም፤ ወዲያ ወዲህ እንድትዞር ሊፈቀድላት ይገባል።

«ሥራዋ ምንድን ነው ታዲያ?»

«መዞር።»

«ዞራስ?»

«ሌሎቹ ይጥላሉ።»

«ደመወዝ አላት?»

«ትበላለች።»

«አውቄያታለሁ» አሉ እማማ። «ሱፐርቫይዘር ናት።»

የዚህች ፍጡር እውነተኛ ታሪክ ግን ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነው። በ1923 ሮይ ቻፕማን አንድሪውስ የመራው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቡድን ሞንጎሊያ ጎቢ በረሃ ውስጥ አጽሟን አገኘ። አጽሙ ከእንቁላሎች ጋር ነበር የተገኘው። እንቁላሎቹ የሌላ ዳይኖሰር የፕሮቶሴራቶፕስ ናቸው ተብሎ ስለታመነ፣ በማግስቱ ዓመት ሄንሪ ፌርፊልድ ኦዝቦርን የተባሉት ምሁር «እንቁላል ሌባ» የሚል ስም አወጡላት። ምስክር አልተጠራም፣ ተከሳሽ አልተጠየቀችም። ሰባ ዓመት ያህል በዚህ ስም ከኖረች በኋላ በ1993 እዚያው በረሃ ውስጥ አንድ እንዲያ ያለ እንቁላል ውስጡ ጽንስ ይዞ ተገኘ፤ ጽንሱም የእሷው ወገን ሆነ። ቆይቶም ከወገኖቿ አንዷ ክንዶቿን ዘርግታ እንቁላሎቿን እንዳቀፈች የተቀበረችበት ቅሪት ወጣ። ሌባ የተባለችው እናት ነበረች ማለት ነው። የጌሙ ሠሪዎች ይህን ሁሉ እያወቁም ሳይሆን አይቀርም የእንቁላል ሌብነት ጠባይዋን አልተዉላትም፤ ዱር ስትሆን ዛሬም ትሰርቃለች።

ይህን ለእማማ ብነግራቸው ጨሟቸውን አስቀመጡ።

«ታቅፋ የተገኘችን?»

«አዎ።»

«ሌባ?»

«አዎ።»

«ካሳ ተከፈላት?»

ስሟ እንኳ አልተቀየረላትም፤ በእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ መጀመሪያ የወጣው ስም ነው የሚጸናው። እማማ ይህን ሲሰሙ ሰፈራችን ውስጥ በሐሰት ስም የወጣባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አነሡ። እዚህ ግን አልጽፋቸውም፤ ግማሾቹ እውነት ናቸው።

ማቀፍ ሲነሣ ልጁ ላይ ሌላ ጥያቄ መጣበት። የእሱ ቲሬክሶች ያቅፋሉ ወይ? አያቅፉም። ጌሙ ውስጥ የሚፈለፈል እንቁላል መሬት ላይ ይጣላል፣ እናቲቱ ዞር ብላ አታየውም፤ ሙቀቱን የሚያስተካክለው ባለቤቱ ነው። ድሃው እሳት ያነድበታል። ሀብታሙ ጄኔሬተር ተክሎ እንቁላሉን በኤር ኮንዲሽነር ይከበዋል። እማማ ይህን ሰምተው ለቲሬክሷ መጨረሻ የሚሆን ፍርድ ሰጡ፦

«የፈረንጅ ዶሮ ናታ!»

ይህ ፍርድ ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከአርባ እስከ ስልሳ እንቁላል ብትጥል ነው። ሰነፍ ሆና አይደለም። ጥቂት ትጥልና ታቅፋለች፤ ሃያ አንድ ቀን ተቀምጣ ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን እያስከተለች፣ ጭልፊት እየተከላከለች፣ ጭራ እያበላች ወራት ትቆያለች። ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለችው የፈረንጅ ዶሮ ማቀፍን እንድትረሳ ተደርጋለች፤ የረሳችበት ካሳ በዓመት ሦስት መቶ እንቁላል ነው። እናትነትና እንቁላል በአንድ ዶሮ አይበዙም። የጌሙ ሠሪዎች ይህን አስበውበት ይሁን ሳያስቡት፣ በዓለም ትልቋን የፈረንጅ ዶሮ ሠርተዋል።

የገጠር ሴቶች ይህን ሒሳብ ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ለዚህ ነው ያቀፈችን ዶሮ ማቀፉን የሚያስተዋት መላ አገር ለአገር ያለው፦ ጎረቤት ቤት ወስዶ ማሳደር፣ ውሃ ውስጥ መንከር፣ እግሯን አስሮ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ አፍንጫዋ ቀዳዳ ላባ መሰካት። እነዚህን ዘዴዎች ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ በሳይንሳዊ ጽሑፍ መዝግበዋቸዋል። ጨካኝ ይመስላል። ልጁ ግን ማደንዘዣ በተቀባ ቀስት አውሬ ከመዘረር ጋር አስተያይቶ ለዘብ ያለ ሆኖ አገኘውና ደብተር አውጥቶ ጻፈው፤ በዚያ ሴሚስተር ደብተር ሲያወጣ ያየሁት ያኔ ነው።

ሊቃውንቱ የኛን ዶሮዎች ንቀዋል አይባልም። ታደለ ደሴ በ2003 በርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የአገራችንን ዶሮዎች ሲመረምሩ አምስት ወገኖችን ወስደዋል፦ ጥሊሊ፣ ሆሮ፣ ጨፌ፣ ጃርሶ እና ቴፒ። ቴፒ ማለት እኮ ጎረቤታችን ናት። በዚያ ቀን እማማ ስለ ቲሬክስ ብዙ ነገር ሰምተዋል፤ የተገረሙት ግን የቴፒ ዶሮ በርሊን መድረሷን ሲሰሙ ነው። «እና ከአማን አልወሰዱም?» አሉ፤ ቅሬታቸው እስከ አሁን አልወጣላቸውም።

ስለ መብራትም ተወራ። ዶሮ እንድትጥል የሚነግራት የቀኑ ርዝመት ነው፤ ብርሃኑ በዓይኗ ብቻ አይገባም፣ የራስ ቅሏን ዘልቆ አንጎሏ ውስጥ ይሰማታል። አርቢዎች ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት ሰዓት ብርሃን የሚሰጧት ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ሰባት ዲግሪ ገደማ ላይ ነን፤ ቀናችን ክረምት ከበጋ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ልጁ እማማ ቆጡ ላይ አምፖል እንዲሰቅሉ መከረ። እማማ ቤታቸው ውስጥ ያለው አምፖል በሳምንት ስንት ቀን እንደሚበራ ቢጠይቁት መልስ አልነበረውም። ደግሞም የዶሮ እንቁላል ተሠርቶ ለመውጣት ከሃያ አራት እስከ ሃያ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው ለቅርፊቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የጣለች ነገ ትንሽ ታረፍዳለች፣ ከነገ ወዲያ ይብስባታል፣ ምሽት ሊይዛት ሲል ጭራሽ አንድ ቀን ትቀራለች። ቲሬክሷ ቶሎ ቶሎ ትጣል ማለት የማይመስል ነገር ነው፤ ያን የሚያህል ቅርፊት በዚያ ፍጥነት ለመሥራት የድሬዳዋን ሲሚንቶ ፋብሪካ መዋጥ ያስፈልጋል።

ቅርፊት ካልኩ አይቀር፣ የእውነተኛዋ ቲሬክስ ቅርፊት ጉዳይም ተጠንቷል። እንቁላል የምትጥል ወፍ ካልሲየም የምታጠራቅምበት ልዩ አጥንት ከእግሯ አጥንት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ታበቅላለች፤ ቅርፊት ስትሠራ ከዚያ ትበደራለች። በ2005 ሜሪ ሽዋይዘር የተባሉ ተመራማሪ ከአሜሪካ ሞንታና በወጣ የቲሬክስ ጭን አጥንት ውስጥ ይህንኑ አገኘሁ አሉ። ይህም ያቺ ቲሬክስ ሴት እንደነበረችና ስትሞት የመጣያዋ ወቅት እንደነበረ የሚናገር ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። እማማ የእንቁላል ቅርፊት አይጥሉም፤ አድርቀው፣ አድቅቀው ለዶሮዎቹ መልሰው ያበላሉ። አድቅቀው የሚለውን አጥብቀው ነገሩኝ፦ እንዳለ ከሰጧት እንቁላል መሆኑን ትለይና የራሷን መብላት ትለምዳለች። እንቁላል የቀመሰች ዶሮ ደግሞ መድኃኒቷ ድስት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እኔን ያስገረመኝ እንቁላሉ ለምን እንደሚፈለግ ነው። ልጁ ማቀዝቀዣ እስኪሞላ የሚሰበስበው ሊበላው አይደለም። ከሥጋ፣ ከቃጫ፣ ከአትክልትና ከእንጆሪ መሳይ ፍሬ ጋር ድስት ውስጥ ቀቅሎ ኪብል የሚባል መኖ ይሠራበታል። ኪብሉ ሌላ ተለቅ ያለ አውሬ ለማላመድ ነው። ያ አውሬ ሲለምድ ተለቅ ያለ እንቁላል ይጥላል። ተለቅ ያለው እንቁላል ከዚያ የሚተልቅ አውሬ ለማላመድ ኪብል ይሆናል። ከ2019 በፊት ደግሞ መሰላሉ ይበልጥ የከረረ ነበር፤ እያንዳንዱ አውሬ የሚያምረው የአንድ ተለይቶ የታወቀ እንስሳ እንቁላል ነበር። ቲሬክስ የሚጥማት በጊንጥ እንቁላል የተሠራው ነው፤ ኬትዛል የሚሏት ግዙፍ በራሪ የቲሬክስን ትፈልጋለች፤ ጊጋ የሚሉት የሁሉም አለቃ ደግሞ የኬትዛልን ካልሆነ አፉን አይከፍትም። (የጊንጡን ነገር ተዉት፤ እውነተኛ ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፣ ወልዳ ጀርባዋ ላይ አዝላ ነው የምትዞረው።) በ2019 ይህ ተሽሮ እንቁላሉ በአብዛኛው በመጠን ስድስት ቦታ ተከፈለ። ልጁ የሚጫወተው አዲሱን ነው፤ ስለ አሮጌው ሥርዓት ግን አባቱ ስለ ደርግ እንደሚያወራው አድርጎ ያወራል።

እማማ መሰላሉን ወዲያው ተረዱት። ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ጊደር፤ ስንት የልማት ሠራተኛ በረንዳቸው ላይ ተቀምጦ በጣቱ እየቆጠረ አስረድቷቸዋል። በ2022 የሌማት ትሩፋት ሲታወጅም እንቁላል ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር አብሮ ነበር የተጠራው። የገባቸው ስለሆነ ነው ቀጥተኛውን ጥያቄ የጠየቁት፦

«መጨረሻ ላይ ማን ይበላዋል?»

«ምኑን?»

«እንቁላሉን።»

ልጁ አሰበ። ጊጋው ኪብል ይበላል። እሱ ራሱ ጥብስ ሥጋ ነው የሚበላ። «ማንም» አለ።

ልጁን ልስቅበት አፌን ስከፍት እማማ አላገዙኝም። «ትክክል ነው» አሉ። «እኔስ መቼ በላሁ?» የእሳቸው እንቁላል ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ቅዳሜ ገበያ ይወጣል እንጂ ምጣድ ላይ አይወጣም። ቤት ውስጥ የሚሰበረው አራስ ካለች፣ የከበረ እንግዳ ከመጣ፣ ወይም ዓመት በዓል ሆኖ ወጥ ውስጥ ለእያንዳንዱ አፍ አንድ አንድ ሲቆጠር ነው። ጥሩው ቡና ሄዶ ቅጠሉ የሚጠጣውም በዚያው ሕግ ነው፤ የሚሸጥ ነገር አይበላም። በሁዳዴ ደግሞ ይብሳል። ጾሙ አምሳ አምስት ቀን ነው፣ ዶሮ ግን አትጾም፤ ስትጥል ትከርማለች። ያኔ እንቁላል የሚገዛው ፕሮቴስታንቱ ጎረቤት ብቻ ነውና ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ ነው። እማማ ይህን ሲናገሩ ምሬት የለባቸውም። ለፋሲካ ዋጋው ሲመለስ ያንኑ ጎረቤት በዓይናቸው ይፈልጉታል።

ልጁ ግን መሰላሉን በአንድ ዝላይ ለመውጣት ቆረጠ። የጌሙ ሕግ የተጻፈበት ፋይል አለ፤ ተከፍቶ ቁጥር ይቀየራል። የብቻውን ስለሚጫወት መንግሥቱም ሕግ አውጪውም እሱ ነው። እንቁላል መጣልን የሚመለከተውን መስመር ፈልጎ አገኘና አንድ የነበረውን አሥር አደረገው። ከዚያ ማቀዝቀዣዎች አዘጋጀ፣ ጓደኞቹን ጠራ፣ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ምንም የለም። ዶዶዎቹም ቆሙ፣ ቲሬክሶቹም ቆሙ። መስመሩ ሲነበብ የእንቁላሉን ብዛት የሚያባዛ ሳይሆን በእንቁላልና በእንቁላል መካከል ያለውን ጊዜ የሚያባዛ ነበር፤ አሥር ማለት አሥር እጥፍ መዘግየት። ለማብዛት ቁጥሩን ማሳነስ ነው። ቢያሳንሰው ደግሞ ዳይኖሰሮቹ መጣሉን ማቆም አቃታቸው፤ ላፕቶፑ የእንቁላሉን ክምር መሸከም አቅቶት ተንተባተበ።

እማማ ይህን ሲሰሙ ማመን አልፈለጉም። ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ስለተቀየረ ብቻ እንቁላል በዛ? እኔ እንግዳ አልሆነብኝም። በሕይወቴ ስንት የሩብ ዓመት ሪፖርት አንብቤያለሁ። ልዩነቱ ልጁ ቁጥሩን ሲቀይር እንቁላሉ በእርግጥ መጨመሩ ነው፤ በዚህ ረገድ ጌሙ ከሪፖርቱ ይልቅ ሐቀኛ ነው።

ለልጁ አንድ የሚያስተምር ነገር ልወርውርበት ብዬ አገራችንም የራሷ ዳይኖሰር እንደነበራት ነገርኩት። ሙገር በሚባለው የዐለት ንጣፍ ውስጥ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርሶች አግኝተው በ1999 አሳትመዋል፤ ዘመናቸው የጁራሲክ ማብቂያ ግድም ነው። ፈተና ላይ ቢመጣ ያውቀዋል ብዬ ነው። እሱ «ሌቭሉ ስንት ነበር?» አለኝ። እማማ ደግሞ ጥርስ ብቻ መገኘቱ አልተዋጠላቸውም፦ «እንቁላሉን ማን ወሰደው?»

ውሉ የተፈረመው በዚሁ ሰሞን ነው። ርቢ የማያውቅ የከተማ አንባቢ ካለ፣ ባለ ከብቱ ከብቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ተቀባዩ ይጠብቃል ይቀልባል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። እማማ ለልጁ አንዲት ቄብ በርቢ ሰጡት፤ ቁጭ ብሎ ከሚውል እጁ ጥሬ ይበትን ብለው ነው። ልጁ እኩያ ስጦታ ስላልነበረው አንዷን ቲሬክስ በርቢ ሰጣቸው። ጌሙ ለከብት ስም ማውጣት ይፈቅዳልና በእማማ ስም ተጠራች። እማማ ስማቸው ያንን ጥርስ በሚያህል አፍ ላይ ተጽፎ ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ወዲያው ድርሻቸውን ጠየቁ።

ቄቧ ምንም ችግር አላመጣችም። እኔ እቀልባታለሁ፣ እሱ በስሙ ይመካባታል። በር ሥር ባለው አሮጌ ቅርጫት ውስጥ መጣል ጀምራለች። ችግር ያመጣችው ቲሬክሷ ናት። እማማ የርቢ ሰው ናቸው፤ ከብታቸውን ሳያዩ አይውሉም። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፣ «ስንት ጣለች?» ይላሉ፣ ልጁ ይቆጥራል፣ እሳቸው ለሁለት ይከፍላሉ። ጎዶሎ ቁጥር ሲመጣ ክርክር ይነሣል፤ ልጁ ፋይሉን ከፍቶ አንድ እንቁላል ይጨምርላቸው እንደሆነ ጠይቆ «በሐራም አትዳረኝ» ተብሏል። በፋሲካ ዋዜማ ድርሻቸውን ወደ ቤታቸው የሚወስዱበትን መንገድ እንዲያስብበት አዘውታል፤ በተቻለ መጠን ሳይሰበር።

ባለፈው ግን መብራት ጠፋ። ጠፍቶም ሰነበተ። የላፕቶፑ ባትሪ አንድ ማታ እንኳ የማያሻግር ስለሆነ ደሴቲቱ ከነዳይኖሰሮቿ ቀጥ አለች፤ ልጁም ከእጦት ብዛት መጽሐፍ አነበበ። እማማ እንደ ልማዳቸው መጡ።

«ስንት ጣለች?»

«መብራት የለም እማማ።»

«እሱን አይቻለሁ። ስንት ጣለች?»

«ምንም። መብራት ከሌለ ትቆማለች።»

«ትላንትናስ?»

«ትላንትናም።»

እማማ ልጁን አዩት፣ ጥቁሩን ላፕቶፕ አዩት፣ በር ሥር ወዳለው ቅርጫት ጎንበስ ብለው ገና ያልቀዘቀዘ እንቁላል አወጡና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«የሷን ድርሻ በዚህ ይዤዋለሁ» አሉ። «የኔዎቹ መብራት ጠፋ ብለው ቀርተው አያውቁም።»